አስምን በጨዋታ ማስተማር

ከማንበባችሁ በፊት

ባለፉት ትምህርቶች ተራኪና ገላጭ ድርሰቶችን አንብባችኋል። ከዚህ ቀጥሎ የቀረበው ምንባብ አስረጂ ድርሰት ነው። አስረጂ ድርሰት አንድ ነገር ምን እንደ ሆነ፣ እንዴት እንደሚሠራና ለምን እንደሚሆን ለአንባቢ የሚያስረዳ የጽሑፍ ዓይነት ነው። ምንባቡን ስታነቡ ሦስት ነገሮችን ልብ በሉ። አንደኛ፣ ነገሩ በምን ቅደም ተከተል እንደ ቀረበ፤ ሁለተኛ፣ ምክንያትና ውጤት በየትኞቹ ቃላት እንደ ተያያዙ፤ ሦስተኛ፣ ለእያንዳንዱ ሐሳብ ምን ዓይነት ማስረጃ እንደ ተሰጠ ተመልከቱ። ዓመተ ምሕረቶቹ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑንም አትዘንጉ።

ምንባብ

ጨዋታና ትምህርት ተቃራኒ ናቸው ብለው የሚያምኑ ብዙ ሰዎች አሉ። ልጅ ሲያጠና ይማራል፣ ሲጫወት ግን ጊዜውን ያባክናል ይባላል። ሆኖም ነገሩን ጠጋ ብለን ብንመረምረው፣ ልጆች ፊደል ከመቁጠራቸው በፊት ብዙ ነገር የሚማሩት በጨዋታ መሆኑን እንረዳለን። ገበጣ የሚጫወት ልጅ መቁጠርንና አስቀድሞ ማሰብን ይለምዳል። ዕቃ ዕቃ የሚጫወቱ ሕፃናትም የአዋቂዎችን ሥራ ሳይታወቃቸው ይለማመዳሉ። እንግዲህ ጨዋታ ይህን ያህል ካስተማረ፣ ከበሽታ ጋር ተጠንቅቆ መኖርንስ ሊያስተምር ይችላልን? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለዚህ ጥያቄ መልስ መፈለግ ነው። ለምሳሌነት የተመረጠው በሽታ አስም ሲሆን፣ የተመረጠው ጨዋታ ደግሞ በኮምፒዩተር የሚካሄደው ነው።

አስቀድሞ የበሽታውን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። አስም የመተንፈሻ ቧንቧዎች ሕመም ነው። አየር ወደ ሳንባ የሚገባውና ከሳንባ የሚወጣው፣ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እየተከፋፈሉ በሚቀጥኑ ቧንቧዎች ውስጥ ነው። አስም ያለበት ሰው ደኅና በሆነበት ቀን እንኳ የእነዚህ ቧንቧዎች ውስጠኛ ግድግዳ በመጠኑ ሊያብጥና በቀላሉ ሊቆጣ ይችላል። አቧራ፣ ጢስ፣ የአበባ ብናኝ፣ የእንስሳት ፀጉር፣ ብርድ ወይም ጉንፋን ሲነካው ሦስት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ ቧንቧዎቹን የከበቡት ጡንቻዎች ይኮማተራሉ፤ ሁለተኛ፣ ውስጠኛው ግድግዳ ይበልጥ ያብጣል፤ ሦስተኛ፣ ወፍራም አክታ ይመነጫል። በዚህም ምክንያት የአየሩ መንገድ ይጠባል። ሕመምተኛው ያስለዋል፤ ደረቱን ያፍነዋል፤ ሲተነፍስም ሲር ሲር የሚል ድምፅ ይሰማል።

በሽታው ጥቂት ሰዎችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገለጸው፣ በ2019 በዓለም ላይ 262 ሚሊዮን ያህል ሰዎች አስም ነበረባቸው። በዚያው ዓመት 455,000 ያህል ሰዎች በዚሁ በሽታ ሞተዋል። በሕፃናት ላይ በብዛት ከሚታዩት ለረጅም ጊዜ ከሚቆዩ በሽታዎች አንዱም አስም ነው።

አስምን ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም። ነገር ግን በሚገባ ከተያዘ፣ አስም ያለበት ልጅ እንደ እኩዮቹ ሊማር፣ ሊሮጥና ሊጫወት ይችላል። ለዚህ የሚያገለግሉት መድኃኒቶች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን ተከላካይ ሲሆን፣ የቧንቧዎቹን እብጠት ቀስ በቀስ እየቀነሰ በሽታው እንዳይነሣ ይጠብቃል። ሁለተኛው ወገን አስታጋሽ ሲሆን፣ በሽታው በተነሣ ጊዜ የተኮማተሩትን ጡንቻዎች በፍጥነት ያላላል። ሁለቱም ብዙውን ጊዜ የሚወሰዱት፣ በተለምዶ “ፓፍ” እየተባለ በሚጠራው፣ በአፍ በሚሳብ መሣሪያ ነው። ችግር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አስታጋሹ ወዲያው ስለሚያሳርፍ ሕመምተኛው ይወደዋል፤ የተከላካዩ ጥቅም ግን ለዓይን ስለማይታይ ደኅና ሲሆን ይተወዋል። ይህም ቤቱ በእሳት ሲያያዝ ብቻ ውኃ እየፈለገ፣ በደኅናው ቀን ግን ፍሙን ሳያዳፍን የሚተኛን ሰው ይመስላል።

አሁን አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱ። ልጁ አስም አለበት። ዛሬ ደኅና ስለ ሆነ ከጓደኞቹ ጋር በትምህርት ቤቱ ሜዳ ኳስ ይጫወታል። ሜዳው አቧራማ ነው። ጥቂት እንደ ሮጠ ሳል ይጀምረዋል፤ ደረቱም ይጠብበታል። በዚያች ሰዓት ሐኪሙ በሆስፒታል፣ እናቱ በቤት፣ መምህሩም በክፍል ውስጥ ናቸው። ሳሉን ንቆ መሮጡን ይቀጥል ወይስ ያቁም? መድኃኒቱ የት ነው? ስንት ጊዜ ይሳብ? ለማንስ ይንገር? እነዚህን ጥያቄዎች በዚያች ቅጽበት የሚመልስለት ሌላ ሰው የለም። ስለዚህ አስምን መቆጣጠር የሐኪም ሥራ ብቻ ሳይሆን የሕፃኑም ሥራ ነው።

ሐኪሙ ይህን ሁሉ ለልጁ በቃል ሊነግረው ይችላል፤ ይነግረዋልም። ነገር ግን በቃል የተነገረ ምክር ሁለት ድክመቶች አሉት። በመጀመሪያ፣ ምክሩ የሚሰጠው ልጁ ደኅና ሆኖ በተረጋጋበት ጊዜ ነው፤ የሚያስፈልገው ግን ትንፋሽ አጥሮት በፈራበት ጊዜ ነው። ሁለተኛ፣ ምክሩ የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ ለእናቲቱ ወይም ለአባትየው ነው፤ ልጁ ከአጠገባቸው ተቀምጦ ይሰማል እንጂ አይጠየቅም። ዋና የማይባል ልጅ “እጅህን እንዲህ አድርገህ አንቀሳቅስ” በሚል ንግግር ብቻ ዋና እንደማይለምድ ሁሉ፣ አስም ያለበት ልጅም ውሳኔን በመስማት ብቻ ውሳኔ መስጠትን አይለምድም። ልምምድ ያስፈልገዋል። ልምምዱ ግን በገዛ ትንፋሹ ላይ ሊሆን አይችልም፤ ስሕተቱ አደገኛ ነውና።

የኮምፒዩተር ጨዋታ የተፈለገው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። በአሜሪካ በዚህ ረገድ ቀደም ብለው ከተሠሩት ጨዋታዎች አንዱ “አስማ ኮማንድ” ይባላል። ጨዋታው ልጆች የበሽታውን ምልክቶችና ቀስቃሽ ነገሮች እንዲለዩ፣ መድኃኒታቸውን በአግባቡ እንዲወስዱ፣ ወደ ሐኪም መሄድ የሚገባቸው መቼ እንደ ሆነ እንዲያውቁና ከትምህርት ገበታቸው እንዳይቀሩ ለማስተማር የታቀደ ነበር። ስለ እርሱ የተደረገው ጥናት በ1986 በሕፃናት ሕክምና መጽሔት ታትሟል። ጥናቱ ከ7 እስከ 12 ዓመት የሚሆናቸውን ልጆች በዕጣ በሁለት ቡድን የከፈለ ሲሆን፣ አንደኛው ቡድን ይህን ጨዋታ፣ ሌላኛው ደግሞ ስለ አስም የማያነሣ ተራ የኮምፒዩተር ጨዋታ እንዲጫወት አድርጓል። በውጤቱም የመጀመሪያው ቡድን ልጆች ስለ በሽታው ያላቸው ዕውቀትና በሽታውን የሚቆጣጠሩበት አኳኋን ተሻሽሎ ተገኝቷል።

ከዚህ በኋላ በ1995 “ብሮንኪ ዘ ብሮንኪያሶረስ” የተባለ ጨዋታ ወጣ። ያዘጋጀው በካሊፎርኒያ የነበረው ራያ ሲስተምስ የተባለ ድርጅት ሲሆን፣ የሚሠራው በዚያን ጊዜ በልጆች ዘንድ የታወቀ በነበረው በሱፐር ኒንቴንዶ መጫወቻ ነበር። የጨዋታው ባለታሪኮች ብሮንኪና ትራኪ የሚባሉ ሁለት ዳይኖሰሮች ናቸው። ሁለቱም አስም አለባቸው። ምድራቸው በአቧራ ደመና ስለ ተሸፈነች፣ አቧራውን የሚጠርገውን የነፋስ መሣሪያ ክፍሎች ፈልገው ማግኘትና መልሰው መግጠም ይኖርባቸዋል። ተጫዋቹ ከሁለቱ አንዱን መርጦ ይመራል። በየመንገዱ አቧራ፣ ጢስ፣ የአበባ ብናኝና የጉንፋን ቫይረስ ያጋጥሙታል፤ ከእነርሱ ካልሸሸ የባለታሪኩ ትንፋሽ እየደከመ ይሄዳል። የየዕለቱን ተከላካይ መድኃኒት ካልሰጠውም እንዲሁ ይደክማል። በየጊዜውም ስለ አስም የሚቀርቡለትን ጥያቄዎች እያነበበ ይመልሳል።

በዚህ ጨዋታ ውስጥ አንድ ቁም ነገር ያለው መሣሪያ አለ፤ ይኸውም የትንፋሽ ኃይል መለኪያ ነው። በእውነተኛው ሕይወት ይህ መሣሪያ ሕመምተኛው በሙሉ ኃይሉ እፍ የሚልበት ትንሽ ቱቦ ነው። የሚገኘው ቁጥር፣ ያ ሰው በደኅናው ጊዜ ካስመዘገበው ከፍተኛ ቁጥር ጋር ይነጻጸራል። ከ80 በመቶ በላይ ከሆነ አረንጓዴ፣ ከ50 እስከ 80 በመቶ ከሆነ ቢጫ፣ ከ50 በመቶ በታች ከሆነ ቀይ ይባላል። እንደ መንገድ መብራት ሁሉ አረንጓዴው “ቀጥል”፣ ቢጫው “ተጠንቀቅ”፣ ቀዩ ደግሞ “አሁኑኑ እርዳታ ፈልግ” ማለት ነው። ብዙ ልጆች ትንፋሻቸው እየጠበበ መሄዱን የሚያውቁት እጅግ ከጠበበ በኋላ ነው። የማይታየውን ነገር በቁጥርና በቀለም እንዲያዩት ማድረግ ከጨዋታው ትልልቅ ጥቅሞች አንዱ ነው።

ለመሆኑ ጨዋታ የሚያስተምረው በምን ምክንያት ነው? ዋና ዋናዎቹን ምክንያቶች በሦስት ከፍለን ልንመለከታቸው እንችላለን።

የመጀመሪያው ምክንያት ውጤቱ ከድርጊቱ ጋር ተያይዞ መታየቱ ነው። በእውነተኛው ሕይወት ተከላካዩን መድኃኒት ያቋረጠ ልጅ የሚታመመው ምናልባት ከብዙ ቀናት በኋላ ነው። ስለዚህ ሕመሙን መድኃኒቱን ከመተው ጋር አያያይዘውም። በጨዋታው ግን የቀናት ታሪክ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚያልፍ፣ ልጁ ምክንያትንና ውጤትን ጎን ለጎን ያያል።

ሁለተኛው ምክንያት ስሕተት የማያሳፍርና የማይጎዳ መሆኑ ነው። ዳይኖሰሩ ቢደክም ልጁ እንደገና ይጀምራል። ዐሥር ጊዜ ቢሳሳት የሚቆጣው ሰው የለም። በዐሥራ አንደኛው ጊዜ ግን አስቀድሞ መድኃኒቱን ሰጥቶ፣ ጢሱን ዞሮ ያልፋል።

ሦስተኛው ምክንያት ከሁሉ ይበልጣል። በሆስፒታል ውስጥ ልጁ ታካሚ ነው፤ ሌሎች ያዝዛሉ፣ እርሱ ይታዘዛል። በጨዋታው ውስጥ ግን አስታማሚ ይሆናል፤ የሌላው ባለታሪክ ትንፋሽ በእጁ ነው። የታወቁት የሥነ ልቡና ምሁር አልበርት ባንዱራ በ1977 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ አንድ ሰው አንድን ሥራ መሥራቱና አለመሥራቱ “እችላለሁ” ብሎ በማመኑ ላይ በእጅጉ እንደሚመሠረት አስረድተዋል። ይህን እምነት ከሁሉ ይበልጥ የሚያጠነክረው ምክርና ማበረታቻ ሳይሆን፣ ሰውየው ራሱ ሠርቶ የተሳካለት ሥራ መሆኑንም ገልጸዋል። ጨዋታው ለልጁ የሚሰጠው ይህን ነው፤ ትንሽ ቢሆንም የራሱ የሆነ ድል።

በቴክሳስ ክፍለ ሀገር በሂዩስተን ከተማ የተሠራ ሌላ ጨዋታ ይህን ሐሳብ ወደ ፊት ገፍቶታል። የጨዋታው ስም ራሱ ትምህርቱን ያመለክታል፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ “ተመልከት፣ መርምር፣ አስብ፣ አድርግ” ማለት ነው። ተመልከት ማለት የሰውነትህን ምልክት አስተውል፣ መርምር ማለት ምልክቱን ያመጣው ምን እንደ ሆነ ለይ፣ አስብ ማለት ልታደርግ የምትችለውን አመዛዝን፣ አድርግ ማለት ደግሞ የመረጥኸውን ፈጽም ነው። ከዚህም ሌላ፣ የጨዋታው ባለታሪክ በጾታውም ሆነ በትውልዱ ተጫዋቹን እንዲመስል ማድረግ ይቻል ነበር። በ2000 በታተመው ጥናት እንደ ተገለጸው፣ ይህን ጨዋታ የተጫወቱት የከተማው ልጆች ከሌሎቹ ይልቅ ሆስፒታል የመተኛታቸው ጊዜ ቀንሷል፤ የሕመም ምልክታቸውም ተሻሽሏል።

እስከዚህ ድረስ ያነበበ ሰው “እንግዲያው ጨዋታ መድኃኒት ነው” ብሎ ሊደመድም ይችላል። ይህ ግን የችኮላ ፍርድ ይሆናል። በዚያው በ2000 በቦስተን በተደረገ ሌላ ጥናት፣ የኮምፒዩተር ትምህርት የተሰጣቸው ልጆች ዕውቀታቸው ቢጨምርም፣ ሕመማቸው በተራ ጽሑፍ ከተማሩት ልጆች ይልቅ አልቀነሰም። በሁለቱም ቡድኖች መሻሻል ታይቷል። በ2003 የወጣ ጥናት ደግሞ፣ ለከተማ ልጆች የተዘጋጀ አንድ የኮምፒዩተር ጨዋታ የአስም ሕመማቸውን እንዳላሻሻለው በርእሱ ጭምር በግልጽ ተናግሯል። ያልተሳካ ሙከራን ደብቆ የተሳካውን ብቻ ማውራት የሳይንስ ጠባይ አይደለምና፣ እነዚህም ውጤቶች ከሌሎቹ እኩል ሊታወቁ ይገባል።

ታዲያ ዕውቀት ጨምሮ ሕመም ሳይቀንስ የሚቀረው ስለምንድን ነው? ይህን ለመረዳት የሚያዳግት አይደለም። በመጀመሪያ፣ ቁልፍ መጫን መድኃኒት መሳብ አይደለም። መሣሪያውን መነቅነቅ፣ ትንፋሽን ማስወጣት፣ ከንፈርን በመሣሪያው አፍ ላይ ግጥም አድርጎ መዝጋት፣ መሣሪያውን ተጭኖ በዚያው ቅጽበት ቀስ ብሎ በጥልቀት መሳብ፣ ከዚያም 10 ሰኮንድ ያህል ትንፋሽን መያዝ የእጅና የሳንባ ሥራ ነው። ይህን የሚያርም ጣትን ብቻ የሚያውቅ ኮምፒዩተር ሳይሆን በዓይኑ የሚያይ ሰው ነው። ሁለተኛ፣ ልጁ ጢስ መጥፎ መሆኑን ቢያውቅም ቤት ውስጥ ሲጋራ የሚያጨሰውን አዋቂ ሊያስወጣ አይችልም፤ የሚኖርበትንም ቤት አይመርጥም። ሦስተኛ፣ ዕውቀት በሌለ መድኃኒት ቦታ አይገባም። መድኃኒቱ ካልተገዛ ወይም ከመድኃኒት ቤት ከጠፋ፣ በጨዋታው የተገኘው ድል በጨዋታው ውስጥ ይቀራል።

አራተኛም ምክንያት አለ። ጨዋታ ያረጃል፤ የሕክምና ዕውቀትም ይለወጣል። ለምሳሌ፣ አስም በተነሣ ጊዜ አስታጋሹን ብቻ መውሰድ ለረጅም ዘመን የተለመደ ነበር። ነገር ግን ስለ አስም ሕክምና መመሪያ የሚያወጣው ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ማኅበር፣ ከ2019 ጀምሮ 12 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው ሕመምተኞች ለአጭር ጊዜ በሚሠራው አስታጋሽ ብቻ እንዳይታከሙና እብጠት የሚቀንሰውንም መድኃኒት እንዲያገኙ መክሯል። በ1995 የተሠራ ጨዋታ ይህን ሊያውቅ አይችልም። ስለሆነም በየጊዜው በሐኪም የማይታረም ጨዋታ ትናንት ያስተማረውን ዛሬ ሊያሳስት ይችላል።

ከእነዚህ ሁሉ የምንረዳው፣ ጨዋታ የሐኪምንና የወላጅን ቦታ ሊወስድ እንደማይችል፣ ነገር ግን የእነርሱን ምክር ወደ ልጁ እጅ የሚያደርስ ድልድይ ሊሆን እንደሚችል ነው። ስለዚህ አንድ ልጅ እንዲህ ያለ ጨዋታ ሲሰጠው ሦስት ነገሮች አብረው ሊሰጡት ይገባል። አንደኛው፣ ከጨዋታው በኋላ “ዳይኖሰሩን ያደከመው ምን ነበር? አንተንስ የሚያደክምህ ምንድን ነው?” ብሎ የሚጠይቀው አዋቂ ነው። ሁለተኛው፣ እውነተኛውን መሣሪያ ይዞ በባለሙያ ፊት የሚያደርገው ልምምድ ነው። ሦስተኛው፣ በደኅናው ቀን፣ በሚያስለው ቀንና በአስጊው ቀን ምን ማድረግ እንዳለበት ሐኪሙ የጻፈለት ወረቀት ነው።

እናንተ ይህን የምታነቡ ተማሪዎች ኮምፒዩተር ቢኖራችሁም ባይኖራችሁም፣ ትምህርቱ ይመለከታችኋል። በክፍላችሁ ውስጥ አስም ያለበት ጓደኛ ይኖር ይሆናል። ምናልባትም “ፓፉን ከለመደ አይለቀውም” የሚለውን ወሬ ፈርቶ ወይም እንዳይሳቅበት አፍሮ መድኃኒቱን ይደብቅ ይሆናል። የቤታችሁ የማገዶ ጢስ፣ የጥቁር ሰሌዳው የጠመኔ ብናኝ፣ ሳይረጭ የሚጠረግ ወለል ለእርሱ ተራ ነገሮች አይደሉም። በሽታው ሲነሣበት ቀና ብሎ እንዲቀመጥ አድርጉት፤ አትክበቡት፤ መድኃኒቱን አቀብሉት፤ መምህር ጥሩ። መድኃኒቱን ወስዶ ካልተሻለው፣ አንድ ዐረፍተ ነገር ለመጨረስ ትንፋሽ ካጠረው ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ሳይውል ሳያድር ሳይሆን በዚያው ደቂቃ ወደ ጤና ድርጅት መወሰድ አለበት።

በአጠቃላይ፣ ጨዋታ የጠበበ ቧንቧ አይከፍትም። ቧንቧውን የሚከፍተው መድኃኒት ነው። ነገር ግን መድኃኒቱን በሰዓቱ አንሥቶ ወደ አፉ የሚያደርሰው የልጁ እጅ ነው፤ ያንን እጅ ከፍርሃት ነጻ አድርጎ ማለማመድ ደግሞ ጨዋታ የሚችለው ሥራ ነው።

ሀ. የቃላት ፍች

በምንባቡ ውስጥ የገባችሁትን ትርጉም መሠረት በማድረግ የሚከተሉትን ቃላት ፍቷቸው። ከዚያም በእያንዳንዱ ቃል አንድ የራሳችሁን ዐረፍተ ነገር ሥሩ።
1. ተኮማተረ
2. ብናኝ
3. አስታማሚ
4. ክፍተት
5. አመዛዘነ
6. አዳፈነ

ለ. የግንዛቤ ጥያቄዎች

1. አስም ሲነሣ በመተንፈሻ ቧንቧዎች ላይ የሚደርሱት ሦስት ለውጦች ምን ምን ናቸው?
2. ሕመምተኞች ከተከላካዩ ይልቅ አስታጋሹን መድኃኒት የሚወዱት ለምንድን ነው? በምንባቡ የተሰጠው የእሳት ምሳሌ ይህን የሚገልጸው እንዴት ነው?
3. በቃል የሚሰጥ ምክር ያሉትን ሁለት ድክመቶች በራሳችሁ አነጋገር ግለጹ።
4. ጨዋታ ከሚያስተምርባቸው ሦስት ምክንያቶች ውስጥ ሦስተኛው “ከሁሉ ይበልጣል” የተባለው ስለምንድን ነው? ትስማማላችሁን?
5. በ1986፣ በ2000 እና በ2003 የታተሙት ጥናቶች ውጤት በምን ይመሳሰላል? በምንስ ይለያያል?
6. ያልተሳኩት ሙከራዎች ከምንባቡ ቢወጡ ኖሮ ድርሰቱ ምን ይጎድለው ነበር?

ሐ. ሰዋስው

1. “ቀስቃሽ”፣ “ተከላካይ” እና “አስታጋሽ” የሚሉት ቃላት ድርጊቱን የሚፈጽመውን የሚያመለክቱ ስሞች ሲሆኑ፣ የተገኙትም “ቀሰቀሰ”፣ “ተከላከለ” እና “አስታገሠ” ከሚሉት ግሶች ነው። በዚሁ ዓይነት ከሚከተሉት ግሶች አድራጊን የሚያመለክቱ ስሞች አውጡ።
መረመረ፣ ተመለከተ፣ ተጫወተ፣ ተቆጣጠረ፣ አዘጋጀ

2. ምክንያትንና ውጤትን ለማያያዝ “ስለ”፣ “ስለዚህ”፣ “በዚህም ምክንያት”፣ “ስለሆነም” እና “ና” (ለምሳሌ፣ “ስሕተቱ አደገኛ ነውና”) ያገለግላሉ። ከምንባቡ ለእያንዳንዱ አንድ ምሳሌ ፈልጋችሁ ጻፉ። ቀጥሎም የሚከተሉትን ጥንድ ዐረፍተ ነገሮች ተስማሚ በሆነ ማያያዣ አገናኙ።
ሀ) ልጁ መድኃኒቱን አቋረጠ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሳል ጀመረው።
ለ) ወለሉ ውኃ ሳይረጭ ተጠረገ። ክፍሉ በአቧራ ተሞላ።
ሐ) ጨዋታው አልታረመም። ያረጀ ትምህርት ያስተምራል።

መ. ድርሰት

ከሚከተሉት ርእሶች አንዱን መርጣችሁ ከሦስት አንቀጽ ያላነሰ አስረጂ ድርሰት ጻፉ። በመጀመሪያ አስተዋፅኦ አዘጋጁ፤ እያንዳንዱ አንቀጽም አንድ ኃይለ ቃል ብቻ ይኑረው።

1. አስም ላለበት የዘጠኝ ዓመት ልጅ በወረቀትና በጠጠር የሚጫወተው ጨዋታ ፍጠሩ። የጨዋታውን ሕግ፣ የሚያራምደውንና ወደ ኋላ የሚመልሰውን ነገር ሁሉ፣ ጨዋታውን አይቶት የማያውቅ ሰው አንብቦ ሊጫወተው በሚችልበት አኳኋን በቅደም ተከተል አስረዱ።

2. “ማወቅና ማድረግ።” አንድን ነገር በሚገባ እያወቁ ሳያደርጉት የሚቀሩ ሰዎች ለምን እንዲህ እንደሚሆኑ፣ ከአካባቢያችሁ በተገኘ ምሳሌ ምክንያቱን ከውጤቱ ጋር እያያያዛችሁ ግለጹ።